ስልክም ደጃፍ አለው



ከመንዝም እንምጣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ፣ አንዲት ቃል ሁላችንም እናውቃለን። እንግዳ የሰው ግቢ ሲደርስ ከድንጋዩ አጥር ውጭ ይቆምና «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ከውስጥ «ግቡ» የሚል ድምፅ እስኪሰማ አንድ እርምጃ አይጨምርም። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም ይጣራል። ዘመድ ቢሆንም ይጣራል። ብርዱ አጥንት ቢሰብርም ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ያስተማረን የለም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲያደርጉት አይተን ነው ያደግነው።

ግቢ ገባንና ነገሩ ተለወጠ። ዶርም ውስጥ የአንዱ ስልክ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሲበራ፣ ቅርብ ያለው ሰው አንገቱን ሰገግ አድርጎ ያነባል። «አንድ ፎቶ ላሳይህ» ብለን ስልካችንን ስንሰጥ፣ የተቀበለን ወንድም ጣቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያንሸራተተ ያላሳየነውን ሁሉ ያያል። «እስቲ ልደውልበት» ተብሎ የተሰጠ ስልክ የቴሌግራም መልእክት ሲነበብበት ይቆያል። ይህን ስናደርግ ማናችንም ሰው ቤት ዘለን የገባን አይመስለንም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ስልክም ደጃፍ አለው፤ ደጃፍ ላይ የተማርነውን አደብ ወደ ስልክ ማሻገር አለብን። ስለ ግል ሚስጥር ጥበቃ ሲወራ ብዙ ጊዜ «ሌባ እንዳይሰርቅህ» ከሚለው ይጀመራል። እሱም ያስፈልጋል፤ ወደ መጨረሻ እንደርስበታለን። እኛ ግን መጀመር ያለብን እጃችን ላይ ካለው የሌላ ሰው ሚስጥር ይመስለናል። ይህ አማና ነውና።

ዲናችን ምን ይላል?

መድረሳ የቀራን ሁላችን ሱረቱ-ን-ኑርን እናውቃታለን። አላህ (ሱ.ወ) በ27ኛው አንቀጽ ፈቃድ ሳንጠይቅና ሰላም ሳንል የሌላ ሰው ቤት እንዳንገባ አዟል። ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ደግሞ «ተመለሱ» ከተባልን እንድንመለስ፣ ይህም ለእኛ የጠራ መሆኑን ነግሮናል። በ58ኛው አንቀጽ ላይ ነገሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሕፃናትና አገልጋዮች እንኳ በሦስት ጊዜያት ፈቃድ እንዲጠይቁ ታዟል፦ ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር እረፍት ሰዓትና ከዒሻ በኋላ። አብሮ መኖር ፈቃድን አያስቀርም ማለት ነው። ለአራትም ለስድስትም ሆነን በአንድ ዶርም ለምንኖር ሰዎች ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትምህርት የት እናገኛለን?

ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ባወሩትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሰው በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲያጮልቅ ተገኘ። ነቢዩ በእጃቸው ማበጠሪያ ይዘው ነበር። እያየ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ዓይኑን በዚያ ይወጉት እንደነበር ነገሩት፤ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑንም አስረዱት። ልብ እንበል፤ ሰውየው እግሩን አላስገባም፣ ዕቃም አላነሣም። ያየው ብቻ ነው። እኛ ዛሬ በሰው ስልክ ላይ የምናደርገውም ማየት ብቻ ነው፤ «ምንም አልነካሁም» የምንለውም ለዚህ ነው።

የሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽም ሦስት ነገሮችን አከታትሎ ይከለክላል፦ መጥፎ ጥርጣሬን፣ መሰለልንና ሐሜትን። ቅደም ተከተሉ የስልክ ታሪክ ይመስላል። መጀመሪያ እንጠራጠራለን፤ ቀጥሎ ስልኩን ከፍተን እናያለን፤ በመጨረሻም ያየነውን ለጓደኛ እንነግራለን፣ ወይም ቀድተን እንልካለን። ያኔ ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። የጀማን ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የሚያውቅ የመርሐቤቴ ልጅ ይህ ተረት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ይገባዋል፤ ወደዚያ የወደቀ ነገር አይመለስም።

«እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም»

ይህን የሚሉ ወንድሞች አሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ የመንዝ ገበሬም ቤቱ ውስጥ የሰረቀው ዕቃ ኖሮ አይደለም በር የሚዘጋው። አማርኛችን ለዚህ የሚሆን ጥሩ ቃል አለው፦ ገመና። ገመና ወንጀል አይደለም። የአባት ሕመም፣ የእህት የትዳር ጉዳይ፣ የቤተሰብ ዕዳ፣ የጓደኛ እንባ ገመና ነው። ሊሸፈን የሚገባው አስነዋሪ ስለሆነ ሳይሆን የባለቤቱ ስለሆነ ነው። ደግሞም በእኛ ስልክ ውስጥ ያለው የእኛ ገመና ብቻ አይደለም። የእናታችን ድምፅ አለበት፤ የእህታችን ያለ ሒጃብ የተነሣችው የቤት ፎቶ አለበት፤ ሌሊት ተጨንቆ የጻፈልን ጓደኛ መልእክት አለበት። እኛ «የምደብቀው የለኝም» ብንል እንኳ የእነሱን በር የመክፈት ፈቃድ ማን ሰጠን?

የሶላት ሰዓት የሚነግረን አፕ

አንድ የታወቀ ታሪክ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የቴክኖሎጂ የዜና አውታር አንድ ዘገባ አወጣ። ሙስሊም ፕሮ የተባለው፣ ያኔ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደ የሶላት ሰዓትና የቂብላ አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለሚባል የመረጃ ደላላ ይልክ ነበር። ደላላው ደግሞ ደንበኞቹ ውስጥ ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። የአፑ ባለቤቶች ለጦሩ በቀጥታ አልሸጥንም ብለው አስተባበሉ፤ ከደላላው ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ግን ማቋረጣቸውን አስታወቁ። በቀጣዩ ወር አፕልና ጉግል የኤክስ-ሞድ ኮድ ከአፖች ውስጥ እንዲወጣ አዘዙ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይኸው ድርጅት በአዲስ ስሙ ሰዎች ወደ ሕክምና ቦታና ወደ አምልኮ ቤት መሄዳቸውን የሚያሳይ የመገኛ መረጃ እንዳይሸጥ የሚያግድ ውሳኔ ይፋ አደረገ።

አሠራሩ ለኛ ለምህንድስና ተማሪዎች ከባድ አይደለም። አፕ የሚሠራ ሰው ሁሉንም ኮድ ራሱ አይጽፍም፤ ሌሎች ያዘጋጁትን ቁርጥራጭ ኮድ ያስገባል። አንዳንዱ ደላላ «ይህን ኮድ አፕህ ውስጥ አስገባ፤ በተጠቃሚ ልክ እከፍልሃለሁ» ይላል። እኛ «መገኛህን ልይ?» ሲለን የሶላት ሰዓት ሊያሰላልን ነው ብለን «ፍቀድ» እንጫናለን። ፈቃዱን የሰጠነው ለሙአዚን መስሎን ለነጋዴ ይሆናል።

ይህን የምንለው አፖቹን ሁሉ አጥፉ ለማለት አይደለም። የሶላት ሰዓት ለማስላት የሚያስፈልገው ቀኑና የከተማው ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። ስለዚህ የአፑን ማስተካከያ ከፍታችሁ ከተማችሁን በእጅ ምረጡ፤ የመገኛ ፈቃዱን ከልክሉ። ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ስትሄዱ ሰዓቱ የሚለወጠው እጅግ በጥቂቱ ነው።

ስለ ቂብላም አንድ የሚያስደስት ነገር እንንገራችሁ። መካ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39.8 ዲግሪ አካባቢ ናት። መሐል ሜዳ ደግሞ 39.7 አካባቢ። መንዝ ማለት ከመካ በስተ ደቡብ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ አገር ነው! ከመንዝና ከግሼ ቂብላችን ከሰሜን አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ቢያዘነብል ነው። ከደብረ ብርሃን አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ ከዓለም ከተማ ደግሞ አራት ዲግሪ ገደማ ነው። ሰሜንን ያወቀ ሰው ቂብላውን አውቋል። ፀሐይ የምትወጣበትን በቀኝ እጃችሁ፣ የምትገባበትን በግራ እጃችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፤ በቃ። ለዚህ ሲባል መገኛችንን ቀኑን ሙሉ ለማናውቀው ድርጅት መላክ የለብንም።

እረፍት ስንሄድ ቤት የሚጠብቀን አማና

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በየቤታችን አዲስ ሹመት አግኝተናል። ለእረፍት ስንመለስ «የተማረው ልጅ መጣ» ተብሎ የመንደሩ ስልክ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ እንከፍታለን፤ እኛ እንመዘግባለን፤ የሚስጥር ቁጥሩንም እኛ እናወጣለን።

ከመካከላችን አንዱ የደረሰበትን እናውጋችሁ። በሴሚስተር እረፍት በታርማበር፣ በመዘዞና በሞላሌ በኩል አድርጎ አገሩ ገባ። እናቱ ቡና እያፈሉ፣ ዐረብ አገር ያለችው እህቱ ለአባቱ ሕክምና ብር መላኳን ነገሩት። ገና ስኒው ሳይነሣ አንድ ጎረቤት መጡና ብድር ጠየቁ። የጠየቁት ልክ የተላከውን ያህል ነበር። የአባቱን ሕመም ስምም በትክክል ያውቁታል።

ጎረቤቲቱ ከሄዱ በኋላ «እማዬ፣ ማን ነገራቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«ማን ይነግራል? መልእክቱን ባለሱቁ አነበበልኝ። ሰው ሞልቶ ነበር።»

«የሚስጥር ቁጥሩንስ ማን ያውቀዋል?»

«ባለሱቁ ያውቀዋል፤ የጎረቤት ልጅም ያውቀዋል። አንተ አይደለህ ያወጣኸው? የተወለድክበት ዓመት ነው ብለህ ለሁሉም ነግረህ የለ?»

ልጁ አፈረ። ማንም ብር አልሰረቀም፤ ባለሱቁም ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን የአባቱ ሕመምና የእህቱ ላብ የገበያ ወሬ ሆኗል። እናቱ ጎረቤታቸውን «የለኝም» ቢሏቸው ውሸት፣ «እሺ» ቢሏቸው ሕክምናው ይቀራል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ያስገባቸው የገዛ ልጃቸው ቸልተኝነት ነው። እኛም ብንሆን ከዚህ ታሪክ የተሻለ ነገር አላደረግንም።

ስለዚህ ቤት ስንገባ እነዚህን እናድርግ። ቁጥሩን እናታችን ራሳቸው ይምረጡ። ማንበብ የማይችሉ ብዙ እናቶች የብር ቁጥር ይለያሉ፤ የስልኩን ቁልፎች ቦታ በጣት ማስጠናትም ይቻላል። ሲያስገቡ ፊታችንን እናዙር። ልጅ ብንሆንም እናዙር፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ከልጅም የሚደበቅ ነገር መሆኑን በቃል ሳንናገር አስተማርን ማለት ነው። መልእክት የሚያነብላቸው አንድ የታመነ ሰው፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤት የምትሄድ ታናሽ እህት፣ ይኑራቸው፤ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታንብብላቸው። አንድ ነገር ደግሞ ደጋግመን እናስጠናቸው፦ «ከቴሌ ነው» ወይም «ከባንክ ነው፤ ሽልማት ወጥቶልዎታል» ብሎ ደውሎ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ስልኩን ዝጉት። እውነተኛ ሠራተኛ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም።

የፋይዳ መታወቂያም እንዲሁ አደራ ነው። ለፋይዳ ስንመዘገብ የአሥሩ ጣቶቻችን አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖቻችን አይሪስና የፊታችን ፎቶ ይወሰዳል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት ግን አይቀየርም። መታወቂያችንን ለማሳተም ለሱቅ በቴሌግራም ከላክን፣ ታትሞ ሲያልቅ ከኮምፒውተሩም ከቴሌግራሙም ፊት ለፊታችን እንዲጠፋ እንጠይቅ። ማፈር የለብንም። የመታወቂያ ፎቶ በግሩፕ ውስጥ መለጠፍ ደግሞ ጨርሶ አይገባም።

ከሁሉ በፊት ግን የራሳችን ጀማዓ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሌላው ነበር። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ባለፈው ረመዷን ለኢፍጣር ዝግጅት ስም ዝርዝር ሰብስበን ነበር። ሙሉ ስም፣ ትምህርት ክፍል፣ የዶርም ቁጥርና ስልክ ጠየቅን። ከዚያም «ስማችሁ መኖሩን አረጋግጡ» ብለን ዝርዝሩን እንዳለ ግሩፕ ላይ ለጠፍነው። በሳምንቱ አንዳንድ እህቶቻችን ከማያውቁት ቁጥር ስልክ ይደወልላቸው ጀመር። ከሳሽ አልመጣም፤ እህቶቻችን ዝም አሉ። የተወሰኑት ግን በቀጣዩ ምዝገባ ስማቸውን አላስመዘገቡም። ለኢፍጣር መጥራት ፈልገን አራቅናቸው።

ሁለተኛው የእርዳታ ፎቶ ነው። ለተቸገሩ ተማሪዎች ደብተርና ብርድ ልብስ ስንሰጥ ተቀባዩን አቁመን ፎቶ እናነሣለን፤ ከዚያም እንለጥፋለን። በሱረቱል በቀራህ 271ኛ አንቀጽ ላይ ለድሃ በስውር መስጠት የተሻለ መሆኑ የተነገረ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ወንድማችን ብርድ ልብስ ማጣቱን ለመላው ግቢ እናሳውቃለን። ነገ ያ ልጅ መሐንዲስ ይሆናል፤ ፎቶው ግን እዚያው ይቀመጣል።

«ያለ ፎቶ ለጋሾች አያምኑንም» የሚል ክርክር እንዳለ እናውቃለን። ቀላል ክርክር አይደለም፤ ገንዘብ የሚሰጡን ነጋዴዎችና የቀድሞ ተማሪዎች ማስረጃ መጠየቃቸው መብታቸው ነው። ነገር ግን ማስረጃና የሰው ፊት አንድ አይደሉም። የተገዛውን ብርድ ልብስ ፎቶ እናንሣ። ደረሰኙን እንላክ። ለስንት ሰው እንደደረሰ በቁጥር እንጻፍ። የተቀባዮቹን ስም ሁለት የታመኑ ሰዎች ይመርምሩና ይፈርሙ። ለጋሽ ሒሳብ ይፈልጋል እንጂ የድሃን ፊት አይፈልግም፤ የሚፈልግ ካለም በትሕትና እንንገረው።

የአገራችን ሕግም ቢሆን ነገሩን አልዘነጋውም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ የመኖሪያ ቤትንና በደብዳቤና በስልክ የሚደረጉ ግንኙነቶችን ይጠብቃል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው የሃይማኖት እምነት ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች አንዱ መሆኑን ይደነግጋል። የሙስሊም ተማሪዎች ስም ዝርዝር ማለት ከነስልኩና ከነዶርም ቁጥሩ የሃይማኖት መረጃ ነው። እንደ ተራ ወረቀት የትም የሚጣል አይደለም።

ስለዚህ ለጀማዓው ሹራ አራት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የማያስፈልገንን አንጠይቅ። ለኢፍጣር የምንፈልገው የሰው ብዛት ከሆነ የዶርም ቁጥር ምን ያደርግልናል?

ሁለተኛ፣ የእህቶችን ዝርዝር የእህቶች ክፍል ብቻ ይያዘው። ማንም ዝርዝር ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፤ ስሙን ማረጋገጥ የፈለገ ለኃላፊው ለብቻው ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ዝርዝሩ ይጥፋ። ዒድ ካለፈ በኋላ የኢፍጣር ዝርዝር በማንም ላፕቶፕ ላይ አይቀመጥ። ተመርቆ የሚወጣ ኃላፊም አስረክቦ፣ ከራሱ ስልክ አጥፍቶ ይሂድ።

አራተኛ፣ ያለ ፈቃድ ፎቶ የለም። በፕሮግራም ላይ ፎቶ ከማንሣታችን በፊት እንናገር፤ መነሣት የማይፈልጉ የሚቀመጡበት ቦታ ይኑር። እርዳታ የሚቀበል ሰው ግን ፈቃድ ተጠይቆም አይነሣ፤ የተቸገረ ሰው «እምቢ» ለማለት አቅም የለውምና።

ፎቶ ለመሰራጨት ኢንተርኔት እንኳ እንደማያስፈልገው አይተናል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ነሺዳውም፣ የሠርግ ቪዲዮውም፣ ፎቶውም በብሉቱዝና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። «የላክሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው» የሚል ሰው የዚያ ሰው ጓደኞችም ዓይን እንዳላቸው ያስታውስ።

በዛሬዋ ቀን የምናደርጋቸው

የሚከተሉት ከኪስ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ በግማሽ ሰዓት የሚያልቁ ነገሮች ናቸው።

1. ስልካችንን በቁጥር ወይም በይለፍ ቃል እንዝጋ። ፓተርን ከሆነ የጣታችን ዱካ መስታወቱ ላይ ይታያል። መልእክት ሲመጣ ጽሑፉ ስክሪኑ ሳይከፈት እንዳይነበብም ከማሳወቂያ ማስተካከያው ላይ እንደብቀው።

2. ቴሌግራም ላይ «ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ» የሚባለውን እናብራ። በኤስ.ኤም.ኤስ የሚመጣው ቁጥር በሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ የእኛ ይለፍ ቃል ከሌለው አይከፍትም። ስልክ ቁጥራችንን ማን ማየት እንደሚችልም እዚያው እንወስን።

3. ተራ የቴሌግራም መልእክት በድርጅቱ ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጥ እንወቅ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚባለው ብቻ ነው፤ ግሩፕ ጨርሶ አይቆለፍም። ዋትስአፕ በራሱ ይቆልፋል፤ ወደ ጉግል የሚቀመጠው ቅጂ ግን ለብቻው እንዲቆለፍ ካላደረግነው ክፍት ነው።

4. በላይብረሪና በላብ ኮምፒውተር ኢሜይልና ቴሌግራም ከፍተን ስንነሣ እንውጣ። የረሳን ከሆነ በስልካችን ከቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ «መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍተን የማናውቀውን ሁሉ እናስወጣ።

5. ስልክ ለሰው ስንሰጥ አንድ አፕ ብቻ እንዲከፈት የሚያስር አማራጭ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ አለ፤ ከደህንነት ማስተካከያው ውስጥ ፈልገን እናብራው። ለጥገና ስንሰጥ ደግሞ ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን እናውጣ። ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠን ብናጠፋቸው ይመረጣል።

6. *#06# ስንደውል የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ደብተር ላይ እንጻፍ። ስልክ ሲጠፋ መጀመሪያ ከሌላ ስልክ 994 ደውለን ሲሙን እናዘጋ፣ በ127 ቴሌብሩን እናሳግድ። ከዚያ በኋላ ነው ፍለጋ የሚወጣው።

7. የሲም ካርድ ፒን ማብራትም ጥሩ ነው፤ ግን ጥንቃቄ! ሦስት ጊዜ ከተሳሳትን ፒ.ዩ.ኬ ቁጥር ይጠይቃል። ሲሙ ተጣብቆበት የመጣውን ካርድ አንጣለው።

8. አዲስ አፕ ስናወርድ የሚጠይቀውን ፈቃድ ከሥራው ጋር እናስተያይ። የባትሪ መብራት አፕ የስልክ ማውጫችንን ከጠየቀ «ለምን?» እንበል። ማውጫው ውስጥ ያሉት ስሞች የእኛ አይደሉም፤ የሰዎች ናቸው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! እነዚህ ስምንት ነጥቦች ሌባን ያርቁ ይሆናል። ጓደኛ ግን በቁልፍ አይታገድም፤ የሚታገደው በአላህ ፍራቻና በአደብ ነው። የዶርም ጓደኛችን ስልኩን አልጋው ላይ ጥሎ ለዉዱእ ሲወጣ፣ ስክሪኑም ሲበራ፣ ማንም የማያየን ያቺ ቅጽበት የእኛ ፈተና ናት። የወንድሙን ነውር የሸፈነን ሰው አላህ እንደሚሸፍንለት በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሮናል። በቂያማ ቀን ሽፋን የማይፈልግ ማን አለ?

ለሹራው ያቀረብናቸው አራቱ ነገሮች በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እንዲነሡ እንጠይቃለን፤ የማይስማማ ካለም መጥቶ ይሞግተን። እስከዚያው ግን በሰው ስልክ ላይ ዓይናችን ሲያርፍ የአገራችንን ቃል እናስታውስ። ደጅ ቆመን «ቤቶች!» እንበል። «ግቡ» ካልተባልን እንመለስ።

አላህ ገመናችንን ይሸፍንልን፤ የሰው ገመና ከመግለጥም ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።